አያቴ ቤታችን የገቡበት ጾም

ሰሞኑን የግቢያችን ሴቶች ድስት ማሸት ይዘዋል። ሁዳዴ ሊገባ ነውና ዓመቱን ሙሉ ቅቤ የጠጣውን ድስት፣ ጭልፋውን፣ ማማሰያውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው በአመድና በሎሚ ልጣጭ ይፈትጉታል። ትናንት ከሥራ ስገባ ያ የአመድና የሎሚ ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ፤ እኔም ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቴ “ምነው፣ ደህና ነሽ?” ብትለኝ “ደህና ነኝ” ብያት አለፍኩ። ድስት ሸቶኝ ሸዋ ሮቢት ገባሁ አይባል ነገር።

የሚገርመው እኛ ቤት ድስት ለጾም አይታሽም ነበር። እኛ ሉተራኖች ነን። ሰፈሩ በአንድ ስም “ጴንጤዎቹ” ብሎ ይጠቀልለናል፤ ወንጌላዊያችን ጋሽ ታደሰ ግን “ሉተራን ነን” እያሉ ሰውን ማረም አይታክታቸውም ነበር። ሰውም “እሺ ጋሼ” ይልና ዞር ሲሉ ያው ጴንጤ ይለናል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጸሎት ቤታችን ከዋናው አስፋልት ጀርባ፣ በሽንኩርት ማሳና በማንጎ ዛፎች መካከል የቆመች የጭቃ አዳራሽ ነበረች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቆርቆሮ ስር መቀመጥ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ረፋድ ላይ ስብከት ከረዘመ ምእመኑ የሚናፍቀው ገነትን ሳይሆን ጥላን ነው። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ስብከት ማስረዘም ይወዱ ነበር።

ጉባኤው ትንሽ ነው። ሁላችንም ብንመጣ እንኳ አግዳሚ ወንበሮቹ አይሞሉም፤ ማን እንደቀረ ለማወቅ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ረቡዕ ማታ ጸሎት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ጽዳትና የመዝሙር ልምምድ። እሑድ አምልኮ። ደወል ስላልነበረን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ላይ አሮጌ የጭነት መኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል፤ አባቴ በመፍቻ ይደልቀዋል። አባቴ የመስኖ ውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ መፍቻ ከእጁ አይጠፋም። ሠርግም ልቅሶም ሲሄድ ኪሱ ውስጥ አንድ መፍቻ ይገኝ ነበር።

የእኔና የእናቴ ተራ ቅዳሜ ነው። የአዳራሹ ወለል አፈር ስለሆነ ሳይረጥብ ከተጠረገ አቧራው ጣሪያ ይነካል። እናቴ ከፊት ከፊት በእጇ ውሃ እየረጨች ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ በመጥረጊያ እከተላለሁ። ውሃው አፈሩን ሲነካ የሚወጣው ሽታ እስከዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ስንጨርስ አዳራሹ ቀዝቀዝ ይላል። እኔ አንዱ አግዳሚ ላይ በጀርባዬ እንጋለላለሁ፤ እናቴ የከበሮውን ቆዳ በመዳፏ እየዳበሰች ለእሑድ የምትመራውን መዝሙር ታንጎራጉራለች። ድምፅ ነበራት እናቴ። አስፋልቱ ላይ የሚያልፉ የባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ እሑድ እሑድ ከአጥሩ አጠገብ ቀስ ይሉላት ነበር።

እናቴ ወይንሸት የከተማ ልጅ አይደለችም። ከከተማው በላይ፣ የጣርማ በር የደጋ ንፋስ ትንሽ በሚደርስበት ተዳፋት ላይ ካለች መንደር ነው የመጣችው። አባቷ አባባ ደምሴ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ ጾም የማይሽሩ ገበሬ ናቸው። እሷ አባቴን አግብታ በእሱ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም አያቴ ቤታችንን ሳይረግጡ ቀሩ። ይኼን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያኔ “አባባ ለምን አይመጡም?” ብዬ ስጠይቅ እናቴ የምትሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፤

“ሙቀቱ አይስማማቸውም።”

አባቴን ብጠይቅም ያው ነው። ጎረቤታችንን እትዬ ብርቄን ብጠይቅም “ቆላው ከብዷቸው ነው የኔ ልጅ” ይሉኛል። ለምን አላምን? ሙቀቱ እኛንም አልተስማማንም። አያቴን የማውቃቸው ግድግዳችን ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ነው። ጋቢ ለብሰው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ከዱላቸው ጋር ቆመዋል። ያንን የተቋጠረ ግንባር ባየሁ ቁጥር “እንዲህ በሙቀት የሚሰቃዩ ሰው ምን ያድርጉ” እል ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምት ላይ አያቴ ታመው ተነሱ። እናቴ የሰማችው ካገገሙ በኋላ፣ ያውም ከገበያተኛ አፍ ነው። ከዚያ በኋላ ፀባይዋ ተለወጠ። ማሰሮ ይዛ ትቆማለች፣ ለምን እንደያዘችው ትረሳዋለች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከእትዬ ብርቄ ጋር አጥር ላይ ተደግፈው ሲያወሩ ሰማኋት።

“ከእጄ አንዲት ጉርሻ ሳይቀምስ ቢሞትብኝስ እትዬ? ምን ይውጠኛል?”

“አፍሽን በዳቦ! ደህና አይደሉም እንዴ?”

“አሁን ደህና ነው። ሽማግሌ ነው። ለቅበላ ልጥራው መሰለኝ።”

ቅበላ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ዘመድ ከዘመድ ተሰብስቦ ሥጋውንም ቅቤውንም የሚሰናበትበት ነው። እኛ የኦርቶዶክሱን ጾም ባንጾምም ከጎረቤት ጋር ሆነን በቅበላው ለመብላት ወደ ኋላ ብለን አናውቅም ነበር።

እትዬ ብርቄ ትንሽ አሰቡ። ሰፈራችን ውስጥ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጡ ሱቀኛ ናቸው፤ የሰውን ጉዳይም እንደ ዕቃቸው በመልክ በመልኩ ደርድረው ነው የሚያስቡት። “በጉን ማን ሊያርደው ነው?” አሉ። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነበር። አንዳንድ ኦርቶዶክስ እኛ ያረድነውን ይበላል፣ አንዳንዱ አይነካውም፤ አያቴ ከማይነኩት ናቸው። “የኔ ባል ይረደው” አሉ እትዬ ብርቄ። “በአብ በወልድ ብሎ፣ አማትቦ ያርድልሻል። ታዲያ ምን ምክንያት ሊኖራቸው ነው?”

እናቴ እጃቸውን ይዛ ሳመች። ወደ መንደሩ መልእክት ተላከ። እኔም በበኩሌ ሥራ ጀመርኩ።

አያቴ የሚመጡ ከሆነ ቤቱ መቀዝቀዝ አለበት። ከጸሎት ቤት የተማርኩትን ጠዋትና ማታ ቤታችን ወለል ላይ ደገምኩት። የሽንኩርት ጆንያ ውሃ ነክሬ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ይደርቃል፣ እነክረዋለሁ፤ ይደርቃል፣ እነክረዋለሁ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ጭቃው ጫማው ላይ እየተጣበቀበት “ይቺ ልጅ ጎመን ልትተክልብን ነው እንዴ?” ይላል። እናቴ ምክንያቱን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። እውነቱን አልነገረችኝም፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልዲውን እሷ ሞልታ በር ላይ ታስቀምጥልኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ጋሽ ታደሰ ልጆቹን ሰብስበው ስለ ጾም አስተማሩን። አዳራሹ ግድግዳ ላይ አንድ ካሌንደር ነበር። በእሱ መሠረት የእኛ ጾም የሚገባው ኦርቶዶክሶቹ ከጀመሩ ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ በረቡዕ ቀን ነው። ፋሲካው ግን አንድ ነው። “ታዲያ እነሱ ለምን ይቀድሙናል?” አለ አንዱ። ጋሽ ታደሰ “መንገዱ ስለሚረዝምባቸው” ብለው ሳቁ። የእኛ ጾም ሥጋ የመተው ግዴታ አልነበረበትም። እኛ የምንተወው “ሃሌ ሉያ” ማለትን ነው። ከጾሙ በፊት ባለው እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ ይዘመራል፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ዝም ይባላል። ሌላ ቦታ ይኼን ያህል የሚጠብቀው ስለመኖሩ እንጃ፤ ጋሽ ታደሰ ግን ከመምህራቸው የተቀበሉት ነገር ነውና አጥብቀው ይዘውታል።

“መሬትም ጦም ሲያድር ነው የሚበረታው” አሉን። “አፋችሁም ይረፍ፤ በፋሲካ የምትሉት ሃሌ ሉያ ጉልበት ያገኛል።”

እኔ ሃሌ ሉያ ማለት በጾም ወራት ያስቀጣል ብዬ ነበር የተረዳሁት። አንዲት አሮጊት እናት በየዓመቱ እየረሱ በመሃል ያመልጣቸዋል፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሲይዙ ባየሁ ቁጥር እስር ቤት የሚወስዷቸው እየመሰለኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ትልቁ ወህኒ ቤት ባለበት ሸዋ ሮቢት ላይ ላደገ ልጅ እስር ቤት ሩቅ አልነበረም።

ቅበላው ሲቃረብ በገበያ ቀን እናቴ በርበሬና ኮረሪማ ልትገዛ ሄደች፣ እኔም ተከተልኩ። እሷ ከቅመም ሻጮቹ ጋር ስትከራከር እኔ ከሰው እግር መሃል እየሾለክሁ ወደ እሸት ተራው ደረስኩ። ያንን ግንባር ያየሁት እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ ያለ ጥላ፣ ያለ ባርኔጣ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሽምብራ እሸት በነዶ በነዶ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከገዢዎቹ ጋር ይቀልዳሉ። ግንባራቸው ከፎቶግራፉ ይልቅ የተፈታ ነው። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

“ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?”

“አባባ ደምሴ ነዎት?”

“ነኝ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?”

“የወይንሸት።”

የያዙት ነዶ እጃቸው ላይ ቀረ። አንዲት ገዢ “ኧረ ይስጡኝ እንጂ አባባ!” ብትላቸው አልሰሟትም።

“ስምሽስ?”

“ምሕረት።”

“ማን አወጣልሽ?”

“እማዬ።”

ነዶውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ትልቅ ሰው ዝም ሲል ልጅ መለፍለፉ አይቀርም። “ሙቀቱ በጣም ያምዎታል?” አልኳቸው።

“የምን ሙቀት?”

“ቆላው አይስማማዎትም አይደል? እኛ ቤት የማይመጡት ለሱ ነው። አሁን ግን ለቅበላ ሲመጡ አይሞቅዎትም። ቤቱን አቀዝቅዤዋለሁ። መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቅያለሁ፤ ወለሉንም ውሃ ውሃ አድርጌዋለሁ። ጋሽ ታደሰ እንኳ ገብተው ሲያዩ ‘ደብረ ሲና የደረስኩ መሰለኝ’ ብለዋል።”

አያቴ የጋቢያቸውን ጫፍ አንስተው ፊታቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውንም ጠረጉ። አንድ ጊዜ ጠርገው አልበቃቸው ብሎ ደገሙት። እኔ ላባቸው ነው ብዬ “አዪ፣ እውነትም አይስማማቸውም” አልኩ በሆዴ። ከዚያ ከፊታቸው ካለው እሸት ክንዴ እስከሚችለው ድረስ ቆለሉብኝ።

“ለእናትሽ…” ብለው ጀመሩና ተዉት። “ብይው። ሂጂ፣ እንዳትጠፊባት።”

እናቴ ከነዶው ጋር ስታየኝ “ይኼን ሁሉ ማን ሰጠሽ?” አለች። ነገርኳት። ወደ እሸት ተራው ሮጠች፣ ስትደርስ አህያቸውን ጭነው ሄደዋል። ቤት ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ሽምብራውን አንድ በአንድ እየፈለቀቀች በላችው። ምሳ አልሠራችም። አባቴ ገብቶ አያት፣ አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ይፈለቅቅ ጀመር።

የቅበላው እሑድ ደረሰ። በጉ ቅዳሜ ማታ በእትዬ ብርቄ ባል እጅ ታርዷል። እናቴ እሑድ አምልኮ ላይ መዝሙር ስትመራ ሁለት ጊዜ ስንኝ ዘለለች። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሮጠን ቤት ገባን። ጆንያውን ነከርኩ። ወጡ ሞቆ ወጣ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ተሞቀ። በመኪና ድምፅ ሁሉ እናቴ በር ላይ ትቆማለች። ማምሻውን የመጣው ግን አያቴ ሳይሆኑ የመንደራቸው ሰው ነው። አንድ ስልቻ ሽምብራ አወረደና አንገቱን ደፍቶ መልእክቱን ተናገረ።

“‘በዚያ ቤት የታረደ ላልቀምስ በቅዱስ ሚካኤል ምያለሁ። አራጁ ማንም ይሁን ማን ምያለሁ። ሄጄ የልጄን ማዕድ ከምገፋ አለመሄዴ ይሻላል በላት’ ብለዋል።”

እናቴ አመሰገነችው፣ አበላችው፣ ሸኘችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ መስኮቱ ስር ተቀምጬ ጆንያው ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ ነገሩ ሙቀት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እንዲህ ያለ ንዴት ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ጆንያውን አውርጄ ግቢው ውስጥ ወረወርኩት።

ሰኞ የከተማው ጾም ገባ። ልኳንዳ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከምግብ ቤቶቹ የሚወጣው ሽታ ወደ ሽሮና ወደ ተቁላላ ሽንኩርት ዞረ። ከኮረብታው ላይ በበዓል ቀን ይሰማ የነበረው የደብሩ ከበሮም ዝም አለ። ረቡዕ ማታ ጸሎት ላይ እናቴ አፏን አልከፈተችም። ሲያልቅ ጋሽ ታደሰ በር ላይ ያዟት።

“ወይንሸት፣ እግዜር ቸኩሎ አያውቅም።”

“እኔ ግን ቸኩያለሁ ጋሼ” አለች እናቴ። “አባቴ እኮ አርጅቷል።”

ብዙ የሚናገሩት ሰው እስከ ቤታችን በር ድረስ ሸኙን።

ቀጣዩ እሑድ የእኛ የሃሌ ሉያ ስንብት ነበር። ረቡዕ ጾማችን ሊገባ ነው። እናቴ ከበሮዋን አንግታ ከመዘምራኑ ፊት ቆማለች። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሲደርሱ ዓይኔን ወደተከፈተው በር ስወረውር ኒም ዛፉ ስር ጋቢ የለበሰ ሰው በዱላው ተደግፎ ቆሟል። አጠገባቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። በኋላ እንደሰማሁት፣ አያቴ በሌሊት ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው መጥተው ቤታችንን ዝግ ቢያገኙት እትዬ ብርቄ ናቸው ያመጧቸው።

እናቴ አየቻቸው። እጇ ከበሮው ላይ ቀጥ አለ። መዝሙሩ ተሰበረ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ታደሰ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እናቴ አዩ፣ ከዚያ ራሳቸው በዚያ ሻካራ ድምፃቸው ሃሌ ሉያውን አነሡት፤ ጉባኤው ተቀበለ፤ እናቴም ከየት እንዳመጣችው እንጃ መታችው ከበሮውን። እንደዚያ ቀን ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም። አያቴ ዛፉ ስር ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ስብከቱ? በዚያን ቀን ጋሽ ታደሰ የሰበኩት ውሃ ጠጥቼ እስክመለስ እንኳ አልፈጀም። ጉባኤው ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አያቴን ሲያመሰግን ኖሯል።

እናቴ ከበሮውን እንኳ ሳታወርድ ወጣች። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል አያቴ በክንዷ ያዟት።

“ተይ፣ ተይ። ተነሺ።”

“አባባ… ዛሬ እንዴት…?”

“ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ” አሉ፣ እንደተቆጣ ሰው። “የማልኩት የታረደ ላልቀምስ ነው። አሁን ሁዳዴ ነው። ሽሮ አይታረድ! ሽሮ ላልበላ የማልኩት መሐላ የለም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ይቺ ልጅ ናት ያመጣችኝ” አሉ። እኔ የወረወርኩትን ጆንያ አስቤ አፈርኩ።

ደስታው ቤት ስንገባ ወደ ጭንቅ ተለወጠ። ሽሮ አለ፣ ዘይት ከእትዬ ብርቄ ሱቅ ይመጣል፤ ቅቤ ያልነካው ድስት ግን ከየት ይምጣ? የእኛ ቤት ድስት ሁሉ ቢሸቱት ቅቤ ነው። እትዬ ብርቄ የራሳቸውን ድስት በአጥር ላይ አሻገሩልን። “ለጾም ያሸሁት ነው፣ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው” አሉና ተከትለው ገቡ። እናቴ ሽንኩርቱን ከተፈች፣ በዘይት አቁላላች፣ በርበሬ ጨመረች፣ ሽሮውን በተነች። እጇ ይፈጥናል፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው፣ ሳሎን ውስጥ አያቴ ከአባቴና ከጋሽ ታደሰ ጋር ተቀምጠው ማንም አይናገርም። ሽሮው ተንተከተከ። እናቴም ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጇን ወደ መደርደሪያው ዘርግታ፣ ከቅቤው በማንኪያ ዛቅ አድርጋ ጨመረችበት።

ሦስታችንም ድስቱን አየን። ቅቤው መሃል ላይ ቀልጦ ቢጫ ክብ ሠራ።

“በስመ አብ!” አሉ እትዬ ብርቄ።

እናቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መልኳ አመድ መሰለ። እኔ በሕይወቴ የተበላሸ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ማንኪያ ቅቤ ያስፈራኝ ግን የለም። የሽታውን ነገርማ አታንሱት። የዚያን ጊዜ የአያቴ ድምፅ ከሳሎን መጣ።

“ወይንሸት! ቅቤ ጨመርሽ እንዴ?”

እናቴ እስከ በሩ ሄደች። “ጨመርኩ አባባ። ሆን ብዬ አይደለም፣ እጄ ለምዶ ነው። ሌላ እሠራለሁ። ትንሽ ብቻ ታገሠኝ፣ አትሂድብኝ።”

ቀጥሎ የሰማሁት ሳቅ ነው። ሽማግሌ ሲስቅ እንደሚሆነው በሳል የተቆራረጠ፣ ግን ሙሉ ሳቅ።

“እናትሽ ነፍሷን ይማርና የተጋባን ዓመት በሁዳዴ እንዲሁ አድርጋ አስፆመችኝ! ጦሜን ነው ያደርኩት!” አሉ። “ቀስ ብለሽ ሥሪ። ዛሬ የትም አልሄድም።”

እናቴ በሩን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ። እትዬ ብርቄ “እልል” ሊሉ ነበር፣ ጾም መሆኑ ትዝ ብሏቸው ዋጡት።

ድስቱን ያሸሁት እኔ ነኝ። እትዬ ብርቄ አመዱን ከምድጃ ዛቁልኝ፣ ሎሚውን ለሁለት ከፈሉልኝ፣ “እጀታው ስር አትርሺ” እያሉ ቆሙብኝ። ፈተግሁ፣ አለቀለቅሁ፣ አሸተትሁ፣ እንደገና ፈተግሁ። ጣቶቼ ተቃጠሉ። በሎሚ ጣት መቃጠል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሳሎን ውስጥም ሰው መናገር ጀምሮ ነበር። አያቴ አባቴን “አንተ ነህ የውሃ ሞተር የምትጠግነው?” አሉት። “አዎ አባባ” አለ አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። “የላይኞቹ ገበሬዎች ያመሰግኑሃል። እጅህ ጥሩ ነው አሉ። ተቀመጥ እንጂ፣ ቤቱ ያንተ አይደለም እንዴ?” አባቴ ተቀመጠ፣ ግን ከደስታው የተነሣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር።

ማዕድ ሲቀርብ ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ማን ይባርክ? ሁሉም ወደ ጋሽ ታደሰ አየ። እሳቸው ግን “እርስዎ ታላቃችን ነዎት” አሉና ለአያቴ ለቀቁላቸው። አያቴ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ፤ እኛም በአማርኛችን “አባታችን ሆይ” ብለን ተከተልናቸው። እኛ ስንጨርስ እሳቸው አላበቁም። እመቤታችንን ብቻቸውን ተማፀኑ። ጋሽ ታደሰ እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ፤ ለሁለቱም ያለኝ ፍቅር ከዚያች ቅጽበት ይጀምራል።

አያቴ እንጀራውን ቆረሱ። ሽሮውን ጠቀለሉ። እናቴ የውሃ ጣሳ እንደያዘች ቆማ ነበር፣ አፋቸውን ታያለች። ጎረሱ። አላመጡ። ዋጡ።

“ጨው አነሰው” አሉ።

እናቴ ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። አያቴ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው እስክትቀመጥ ጠበቋት። አጎረሷት። “አንድ ያጣላል” ብለው ደገሟት። ከዚያ ሌላ ጠቀለሉ፣ ትንሽ እጃቸው ላይ አቆዩት፣ ወደ አባቴ ዘረጉት። ጉርሻው ለማንም አፍ የሚበዛ ነበር። አባቴ ግን ምራቁን እየዋጠ፣ እንባውን እየጠረገ፣ አንዲት ፍርፋሪ ሳይጥል ጨረሰው።

ወደ ማምሻው የመጨረሻውን ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ሁላችንም ተሰልፈን አስፋልት ድረስ ሸኘናቸው። ረዳቱ “ግቡ አባባ፣ እንሂድ” እያለ ያጣድፋል። አያቴ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ወደ እናቴ ዞሩ።

“ለፋሲካ በግ ይዤ እመጣለሁ” አሉ።

እናቴ ደነገጠች። “አባባ፣ መሐላውስ? ማን ሊያርደው ነው?”

“ስደርስ እንጨቃጨቅበታለን” አሉና ገብተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ።